ይድረስ ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ አርባ ምንጭ

የእኔ ሆድ፣ የላክሽው ሙዝ በሰላም ደርሶናል፤ እናትሽ «ልጄ ከአርባ ምንጭ የላከችው ነው» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ስታድል ሰነበተች። ናፍቆትሽ ግን በርትቶብናል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። አንዱ፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤት ወጥቶ ጨንቻ ድረስ ያደረሳችሁት ልጅ ተመልሶ አዲስ አበባ መግባቱ ነው። ሌላው «ልጆችን ላገለግል መጥቼ ቀኔን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስዞር እውላለሁ» ያልሽው ነው። አንቺ ለየብቻ ነው የጻፍሽልኝ። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ ሆነውብኛል፤ ይህን ሁሉ ልጽፍልሽ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

ልጁ ለምን ተመለሰ? ከተማ ስለለመደ ነው ብለሻል። ይሆናል። ግን ቤቱ ሲደርስ ማን ጠበቀው? አባትየው ፈርሞ ተቀበለ፣ ፎቶ ተነሣችሁ፣ መኪናው ተመለሰ። ከዚያስ? ርዕሰ መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ የመጣን ልጅ የትኛው ክፍል እንደሚያስገባው አስቀድሞ ተነግሮት ነበር? ቀበሌው መምጣቱን ሰምቷል? መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ የወሰደው ሰውስ እዚያው መንደር ይኖር ይሆን? እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳልቀረ እፈራለሁ።

አካባቢውን አሁን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በጨንቻና በዶርዜ ደጋ ሽመና የአባት ሙያ ነው፤ ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይማረዋል፣ ይኮራበታልም። መሬቱ ግን ጠባብ ነው፣ ቤተሰቡ ብዙ። አንድ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ መጥቶ «ስጡኝ፣ አስተምረዋለሁ፣ ሙያም ይይዛል» ሲል አባት ልጁን የሚሰጠው ጠልቶት አይደለም። ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ትምህርቱ ይቀርና ከንጋት እስከ ሌሊት ከሸማው ጉድጓድ ሳይወጣ ይውላል። ነገሩን ድህነት ብቻ አድርገሽ ከያዝሽው እህልና ደብተር ትሰጫለሽ፤ ወንጀል ብቻ አድርገሽ ከያዝሽው ፖሊስ ትጠሪያለሽ። ሁለቱም ስለሆነ ነው አንድ ድርጅት ብቻውን የማይወጣው።

ሕጉ አልጎደለም። አገራችን የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ በሰው የመነገድን ወንጀል የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም አለ። ከእነዚህ ውስጥ አንቺ በራስሽ ልታስፈጽሚው የምትችዪው አንድም የለም። ልጅን ከሰው ቤት ገብቶ ማውጣትና አጥፊውን መያዝ የፖሊስ ነው። አሳዳጊ የሚሾመው ፍርድ ቤት ነው። ቤተሰቡ ልጁን ለመቀበል ብቁ መሆኑን አጣርቶ ኃላፊነት መውሰድ ያለበት የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። አንቺ ያለሽ ጊዜ፣ ትንሽ ገንዘብና እግርሽ ነው። ሽሮ ሜዳ ባለበት በጉለሌ ያለው ፖሊስ ጨንቻ ያለችውን የጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ አያውቃትም፤ እሷም ርዕሰ መምህሩን ለዚህ ጉዳይ አነጋግራው አታውቅ ይሆናል። የምታገናኛቸው አንቺ ነሽ። ከቢሮ ቢሮ መዞር ያልሽው እኮ ይኸው ነው፣ ልጄ፤ ሥራሽ ራሱ ነው።

ከመንግሥት ቢሮዎች ጋር ስለምትፈርሙት የፕሮጀክት ስምምነት ሰነድ ምክር ጠይቀሽኛል። ፕሮጀክቱ በቢሮዎች ተገምግሞ እንደሚፈረም፣ አጋማሽ ላይና ሲያልቅ ደግሞ የመንግሥት ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን መጥቶ እንደሚገመግመው ታውቂያለሽ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 መጨረሻ ከተመሠረተ ወዲህ ቢሮዎቹ በተለያዩ ከተሞች ስለተከፋፈሉ ለአንድ ፊርማ መንገድ መውጣት ሊኖርብሽ ነው፤ ታገሺው። የምለምንሽ ግን ሌላ ነው፤ የወረዳዋን ባለሙያ ለፊርማ ቀን ብቻ አትጥሪያት። ዕቅዱ ሲጻፍ አስቀምጫት። የትኛው ቀበሌ ልጅ በብዛት እንደሚወጣበት፣ በየትኛው ወር ደላላ እንደሚበረታ የምትነግርሽ እሷ ናት። ዕቅዱ የእሷም ከሆነ በዓመት ዕቅዷ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ካስገባችው ደግሞ እናንተ ባትኖሩም ትጠየቅበታለች።

አበል ላይ ጠንከር በዪ። አንዲት ባለሙያ ሞተር ሳይክል በሌለበት ገጠር ቀበሌ ወርዳ ልጅ ልትጠይቅ ስትሄድ ትራንስፖርቷን ሸፍኚ፣ ምሳዋንም። ይህ የሚገባት ነው። ሰው በስብሰባ ተቀምጦ እንዲፈርም ብቻ የሚከፈል አበል ግን ሥራውን ይገድለዋል፤ ድርጅቱ ሲወጣ ስብሰባውም አብሮ ያበቃል። ደግሞ ባለሙያ ይቀያየራል። ዛሬ ያስረዳሻት ኃላፊ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መሥሪያ ቤት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የእያንዳንዱ ልጅ ማኅደር አንድ ቅጂ እናንተ ዘንድ፣ አንድ ቅጂ ወረዳው ዘንድ ተቆልፎበት ይቀመጥ። የእናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ ልጅ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ይጠፋል።

ይህን የምለው በሩቅ ሰምቼ አይደለም። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በወጣ ጊዜ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከገቢው ከመቶ ከ10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። ወጪውም ከመቶ 70 ለዓላማው ሥራ፣ 30 ለአስተዳደር ተብሎ ተከፈለ። ቤት ለቤት የምንዞርበት ትራንስፖርትና ለቤተሰብ የምንሰጠው ሥልጠና ሳይቀር ከአስተዳደር ወጪ ይቆጠር ነበር። ለራሳቸው የሚያባክኑትን መያዝ ተገቢ ነበር፤ የተጎዳው ግን ልጅ ቤት ድረስ የሚሄደው ሰው ነው። ሥራቸውን የለወጡ አሉ፣ የዘጉም አሉ። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ ክልከላው ተነሣ፣ የአስተዳደር ወጪውም ጣሪያ ከመቶ 20 ሆኖ አስተዳደር የሚባለው ነገር ጠበብ አለ። በእነዚያ ዓመታት ያየሁት አንድ ነገር አይረሳኝም። ድርጅት በወጣበት ሰፈር ሁሉ ልጆች እኩል አልወደቁም። እድሩ የያዛቸው ልጆች እዚያው ቀጠሉ።

የእድሩን ነገር ትንሽ ላጫውትሽ። በኤች አይ ቪ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እድሮች ቀባሪ ብቻ ሆነው መኖር አልቻሉም፤ ከቀብር የሚመለሱት ወላጅ ወደሌላቸው ልጆች ቤት ነበርና። ብዙዎቹ መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ማስታመም፣ የሙት ልጅ መደገፍ ጀመሩ። እኔ በምሠራበት ሰፈር የሚደገፉ ልጆችን ስንመለምል የቀበሌው ዝርዝር አንድ ነገር ይላል፣ የእድሩ ሴቶች ሌላ ይላሉ። «ይህች ልጅ አክስቷ ቤት ናት ተብላ ተሰርዛለች፤ አክስቷ ግን ከወጣች ወር አልፏታል፣ ወንድሟን የምታበላው እሷ ናት» ይሉን ነበር። ይህን የሚነግርሽ ቅጽ የለም። ያን ጊዜ የእድሩን ሴቶች «እናሠልጥናችሁ» ብሎ ከመጀመር ይልቅ ቀድሞ ተቀምጦ መስማት የገባቸው ባልደረቦቼ ናቸው ሥራቸው የቆመላቸው።

አንቺ ዘንድ ደግሞ የጋሞ አባቶች አሉ። በመስከረም 2011 በአርባ ምንጭ ለበቀል የወጣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት እነሱ ናቸው፤ አገር ሁሉ ያየው ነው። በመሰብሰቢያ አደባባያቸው በዱቡሻ ላይ የተነገረ ቃል ከእናንተ ፖስተር ሁሉ በላይ ይሰማል። ልጅን ለደላላ መስጠት ነውር ነው የሚለው ነገር ከእነሱ አፍ ቢወጣ ምን ያህል ቤት እንደሚገባ አስቢው። ሂጂና ጠይቂያቸው፤ ጽሑፍ ይዘሽ ሳይሆን፣ ልጆቻቸው ወዴት እንደሚሄዱና ምን እንደሚያስቡ ለመስማት።

ግን የኔ ልጅ፣ ማኅበረሰብ ሁልጊዜ ከልጁ ጎን ነው ብለሽ አትመኚ። የወሰደው ሰው አጎቱ ሊሆን ይችላል፤ አስታራቂው ሽማግሌ ደግሞ የአጎትየው ወዳጅ። ልጅ ተደብድቦ፣ ይባስ ብሎ ተደፍሮ፣ ነገሩ በካሣና በይቅርታ እንዲያልቅ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቤተሰብ ይስማማል፣ ቀበሌው «ሰላም ይሻላል» ይላል፣ ልጁን የሚጠይቅ የለም። በዚህ ላይ አትለሳለሺ። እንዲህ ያለ ጉዳይ የፖሊስና የፍርድ ቤት ነው። አባቶችን አክብረሽ፣ ዝቅ ብለሽ፣ ይህ ግን በዕርቅ እንደማይዘጋ ንገሪያቸው። የአጋርነት ስምምነት ስላላችሁ ዝም እንድትዪ የሚጠይቅሽ ካለ፣ የስምምነቱ ምክንያት ልጁ መሆኑን አስታውሺው።

በድርጅታችሁ ማቆያ ይሠራ የሚል ሐሳብ እንደተነሣ ጽፈሻል። እኔ አልደግፈውም። በ2001 የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ በማኅበረሰብ ውስጥ መደገፍን፣ ከቤተሰብ ማዋሐድንና በአደራ ቤተሰብ ማሳደግን ያስቀድማል፤ ተቋም የመጨረሻው ነው። ክብርት አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከግሸን ማርያም ሲመለሱ በረኃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ይዘው ቤታቸው ሲገቡ ሌላ የሚያነሣቸው አልነበረም፤ ያን ቀን ያ ሥራ ትክክል ነበር። የአንቺ ልጆች ግን አብዛኞቹ እናት አላቸው። ለሕንፃው የታሰበው ገንዘብ ለእናትየው ፍየል ወይም ክር መግዣ፣ ለወረዳዋ ባለሙያ መንገድ ቢውል እመርጣለሁ።

አንድ ተግባር ሳልነግርሽ እንዳላልፍ፤ የልደት ምዝገባ። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 መጨረሻ ተጀምሯል፣ ግን ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም። አሠሪው «ዕድሜው 18 ነው» ሲል ፖሊሱ በምን ይሞግተዋል? የምትመልሺው ልጅ ሁሉ ቀበሌው ሳይመዘግበው መኪናሽ እንዳይነሣ። ሲመዘገብ ስሙ ከቀበሌው መዝገብ ይገባል፤ ቀበሌውም ልጁ አለኝ ይላል።

አሁን ስለዚያ ልጅ። ሽሮ ሜዳ ጉለሌ ውስጥ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ስሙንና ፎቶውን በስልክ እንዳትልኪ። የወረዳዋ ባለሙያ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለክፍለ ከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ትጻፍ፣ ግልባጩን ለፖሊሱ የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ታድርግ፣ በሚመጣ ሰው እጅ ላኪልኝ። ደብዳቤው በደረሰኝ ማግሥት ይዤ እሄዳለሁ፤ መልስ እስኪሰጡም ደጃቸው አልጠፋም። አንቺ እስከዚያ ርዕሰ መምህሩን፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበርና አባቱን አንድ ላይ አስቀምጪና ልጁ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ማን እንደሚጠይቀው፣ ሁለተኛውን ማን እንደሚጠይቀው በስም ጻፊው። እናቱንም ለብቻዋ አነጋግሪያት፤ የሄደበትን ምክንያት እሷ ሳታውቀው አትቀርም።

እናትሽ ጋቢ አሠርታልሻለች፤ ደብዳቤውን የሚያመጣው ሰው ሲመለስ እልክልሻለሁ። ጨንቻ ብርድ ነው፣ ስትወጪ ደርቢ።

የምትወድሽ አክስትሽ
ከአዲስ አበባ