የሙራንጋው ባለወፍጮ

ከናይሮቢ ተነሥተን ወደ ሰሜን በመኪና ስንጓዝ ቲካ ከተማ እንደርሳለን። ቲካን አልፈን ወደ ማኩዩ ስናመራ ከመንገዱ ዳር የተንጣለለው የአናናስ እርሻ ለዓይን ማለቂያ የለውም። ወደ ምዕራብ፥ ወደ ካንዳራ በኩል ዘወር ያልን እንደ ሆነ ግን፥ በቀዩ አፈር ሸንተረር ላይ የገበሬው የቡናና የበቆሎ ማሳ ተቆራርጦ ይታያል። ይህ ሙራንጋ የተባለው የኪኩዩ ሕዝብ አገር ነው። የመሬት ነገር በዚህ አገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ፥ ማንም ሳይነግረን ከመንገዱ ላይ ሆነን ተረዳነው።

በዚህ አገር ከወታደርነትና ከእንደራሴነት በኋላ በወፍጮ ሥራ የኖሩ አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸው ቢልዳድ ካጊያ ይባላል። ታሪካቸውን በአውሮፓ አቆጣጠር በአጭሩ እንናገራለን።

ካጊያ በ1921 ዳጎሬቲ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ገብተው እስከ መካከለኛው ምሥራቅ ሄዱ፤ እንግሊዝንም አዩ። ከጦርነቱ ሲመለሱ፥ ለእንግሊዝ ንጉሥ ያገለገለ ወታደር በገዛ አገሩ ተንቆ መኖሩን ሊታገሡት አልቻሉም። ስለዚህ ከሚሲዮኖች የተለየ የጸሎት ማኅበር አቋቋሙ፤ ሠራተኞችንም በማኅበር ለማስተባበር ደከሙ። በ1952 ከጆሞ ኬንያታና ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ተይዘው በካፔንጉሪያ ችሎት ቀረቡ፤ በ1953ም የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የታሰሩትም ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ በሆነው በሎኪታውንግ በረሃ ነበር።

በ1963 ኬንያ ነፃ ስትወጣ ካጊያ የካንዳራ እንደራሴ ሆኑ፤ በትምህርት ሚኒስቴርም ሹመት ተሰጣቸው። ነገር ግን መሬቱን የተነጠቀው ድኃ ያንኑ መሬት በዕዳ ይግዛ መባሉን ስለ ተቃወሙ፥ በ1964 ከሹመታቸው ተለዩ። በሚከተለው ዓመት ፕሬዚዳንት ኬንያታ በዚያው በካንዳራ፥ በሕዝብ ፊት፥ አብረዋቸው የታሰሩት ሰዎች ሀብት ሲያፈሩ ካጊያ ለራሳቸው ምን እንዳበጁ ጠየቋቸው። ጥያቄው የተነገረው ለነቀፋ ነበር፤ ዛሬ የሚሰማው ሰው ግን እንደ ምስጋና ይቈጥረዋል።

በ1966 በተደረገው ምርጫ ካጊያ የእንደራሴነታቸውን ወንበር አጡ። በኋላም ከፖለቲካው ርቀው በቆሎ በሚፈጭ ወፍጮ መተዳደር ጀመሩ። ወፍጮ ቤት ማለት በእኛም አገር እንደምናውቀው፥ ያለውም የሌለውም እህሉን ይዞ እኩል ተራ የሚጠብቅበት ስፍራ ነው። ለድኃው መሬት የተሟገቱት ሰው፥ ድኃው ከመሬቱ ያገኘውን እህል ሲፈጩ መኖራቸው የሚያስደንቅ ነው። በ2005 ባረፉ ጊዜም የተነገረላቸው ስማቸው እንጂ ሀብታቸው አልነበረም።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል የቆየ ተረት አለ። ስንት ሹም በዚህ ተረት እያመካኘ እጁን ወደ ሕዝብ ገንዘብ እንደ ዘረጋ እናውቃለን። የሙራንጋው ባለወፍጮ ግን ተረቱን በክርክር ሳይሆን በኑሯቸው መለሱለት።

ወደ ናይሮቢ ስንመለስ ያ የአናናስ እርሻ እንደ ገና በመንገዳችን ዳር ተዘረጋ። በካንዳራ የተጠየቀው ጥያቄም በሥልጣን ወንበር ለሚቀመጥ ለማንኛውም ሰው እንደሚቀርብ አሰብን። ለራስህ ምን አበጀህ የሚለውን ሁሉም ይመልሰዋል፤ ለሌላውስ ሲባል የሚመልስ ግን ጥቂት ነው።