የከሚሴ ሙቀትና የባቲ ጨው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማበር ላይ ጋቢ ይደርባል፤ ከሚሴ ሲደርስ ሹራቡን ሳይቀር አውልቆ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠራል። አየሩ ተለወጠ፣ ልብሱ ተለወጠ። የሰውነቱ ሙቀት ግን እዚያ ጉም ውስጥም ሆነ እዚህ ጨፋ ሜዳ ዳር ከ37 ዲግሪ ብዙም ፈቀቅ አላለም፤ ደሙ መንገድ የሄደ አይመስልም።

ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ከኋላው ማየት እወዳለሁ። የእንግዳው ሸሚዝ ላቡ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ይተዋል፤ ጨው ነው። የአገሬውም ሰው ያልበዋል፤ ላቡ ግን ያን ያህል ጨው የለበትም። ከኩላሊት አናት ላይ ጉብ ያሉት ሁለት ዕጢዎች አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ይልካሉ፤ መልእክቱም «ውኃው ይውጣ፣ ጨዉን አስቀሩ» ነው። እንግዳውም አንድ ሁለት ሳምንት ቢሰነብት ላቡ እንደ አገሬው ይሆናል።

በረመዳን ነገሩ ይከራል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበያው ይፈዛል፣ ጨዋታም ያጥራል። የጾመኛው ደም ትንሽ ወፈር ማለት ሲጀምር አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ቫሶፕሬሲን ትለቃለች፤ ኩላሊትም ውኃ መቆጠብ ይይዛል። የአሥር ሰዓት ሽንት የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ቆሽት በበኩሉ ግሉካጎን ልኮ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር እንዲያወጣ ያዘዋል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ባንድ ጊዜ የሚዞረው ስኳር 5 ግራም ገደማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። መግሪብ ደርሶ ተምሩና አብሹ ሲከተሉ ከዚያ እጥፍ ድርብ የሆነ ስኳር በአንዴ ይገባል፤ ቆሽትም ወዲያው ዞሮ ኢንሱሊን ይልካል። ኢንሱሊን የማይበቃው የስኳር ሕመምተኛ ከጾሙ በፊት ሐኪሙን አማክር የሚባለው ይህ መዞር ስለሚያስቸግረው ነው።

ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የሚቆመው ግመል ለዚህ ሁሉ ግድ ያለው አይመስልም። የክብደቱን ሩብ ያህል ውኃ አጥቶም ይጓዛል። የአፋር ነጋዴ ለዘመናት ጨው ወደ ባቲ ያወጣው በእሱ ጀርባ ነው። ጨው ከተነሣ ደግሞ ሌላ የሻይ ማንኪያ አለ፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢጠራቀም ከዚያች አይበልጥም። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል። እሷ ከጎደለች አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራበት ያጣል።

እስከ 1990 ዓ.ም.ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ድረስ አብዛኛው የገበታችን ጨው አዮዲን ተጨምሮበት ከኤርትራ በኩል ይመጣ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ፊታችንን ወደ አፋሩ አፍዴራ አዞርን፤ ጨዉ ተገኘ፣ አዮዲኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶው ወደ 40 የሚጠጉት እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲደረግ ጨዋቸው ከተፈተሸ 10 ቤቶች በ9ኙ ገደማ አዮዲን ተገኘ።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል እንቅርትን ከመከራ ተርታ አሰልፈን ነው። ዕጢው ግን ሰነፍ አይደለም። ሆርሞኑ ሲያንስ ፒቱታሪ ደጋግማ ትቀሰቅሰዋለች፤ እሱም ያገኘውን ቅንጣት አዮዲን ሁሉ ለመያዝ ራሱን ያሰፋል። ያበጠው አንገት ሚዛን ለመጠበቅ የተደከመ ድካም ነው፤ ድካሙም ብዙ ጊዜ ይሠምርለታል፣ እንቅርት ኖሮባቸው ሆርሞናቸው ልክ የሆነ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ይቆጥባል፣ ስኳር ሲያጣ ከጉበቱ ያወጣል። አዮዲንን ግን ከየትም አይፈጥረውም፤ በመኪና ተጭኖ እስኪመጣለት ይጠብቃል። መጥቶም ማጀት ውስጥ ይባክናል፤ ጨዉ ምድጃ ዳር ክፍቱን ሲውል፣ ወጡም ገና ሳይበስል ሲጨመርበት አዮዲኑ ይተናል። ዕጢው የበኩሉን ለመሥራት ለግሞ አያውቅም፤ የኛ ድርሻ የጨዉን ዕቃ መክደንና ጨዉን ወጡ ሊወጣ ሲል ጣል ማድረግ ብቻ ነው።