የት ልሸጉጠው?

ሽጉጥ ስሙን ያገኘው ከመሸጎጥ ነው። ስም አውጪዎቹ አያቶቻችን መሣሪያው የት እንደሚኖር በስሙ ውስጥ ተናግረው ጨርሰዋል፤ እንደ ጠመንጃ አይነገትም፣ ይሸጎጣል። የቀረው «የት?» የሚለው ነው። ይቺን ታናሽ ጥያቄ ይዤ ነው እንግዲህ እኔ፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ የሁለት ልጆች አባት፣ በሰው አገር ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት።

ነገሩን የጀመረው ጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምንኖረው። ሁለታችንም በየመኪናችን ሰው እያመላለስን ነው የምንተዳደረው። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሌሊት ዲሲ ውስጥ ሁለት ልጆች ይጭናል። ልጆች ስላችሁ ልጆች ናቸው፤ ጢማቸው ገና ያላቀመቀመ። መድረሻቸው ጋ ሲቆም አንደኛው ከኋላ ወንበር ሆኖ ማጅራቱ ላይ ብረት አስደገፈለት። ስልኩን ወሰዱ፣ ኪሱን አራገፉ፣ መኪናውን ነዱ፤ እሱን አስፋልት ላይ ትተውት ሄዱ። በዚያ ዓመት ዲሲ ውስጥ እንዲህ በጉልበት የተነጠቁ መኪኖች ከ900 በላይ ነበሩ። የእሱ ከነዚያ አንዷ ናት።

ጓደኛዬ ሁለት ሳምንት ቤቱ ተኛ። ሲነሣ ሽጉጥ ገዛ። «አንተስ ምን ትጠብቃለህ? ለቅሶህን እንድደርስ ነው?» አለኝ። የቀልድ ፊት አልነበረውም።

መቼም እኔ መሣሪያ አይቼ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። መንዝ ነው ያደግሁት። አያቴ ገበያ ሲወርድ ዝናሩን ታጥቆ፣ ጋቢውን ጣል አድርጎ፣ ምንሽሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ነበር። የዚያ መሣሪያ ትልቁ ሥራ መተኮስ ሳይሆን መታየት ነበር። ያየ ይጠነቀቃል፣ የተጠነቀቀ አይነካም። የእኔው ግን መታየት የለበትም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ በግልጽ መያዝ እንኳ አይከለከልም፤ ግን ወገቡ ላይ ሽጉጥ ያንጠለጠለ ጥቁር ሹፌር መኪና ውስጥ ማን ይገባል? ስለዚህ መደበቅ አለበት። ለመደበቅ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፈቃዱን የሚሰጠው የምትኖሩበት አካባቢ ፍርድ ቤት ነው። እኔ ባመለከትኩበት ጊዜ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ ወረቀቱ 5 ዓመት ያገለግላል። ድሮ ቤት ቁጭ ብሎ፣ በኢንተርኔት ተምሮ የምስክር ወረቀት ማምጣት ይቻል ነበር። ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ግን በአካል መማር ግድ ሆኗል። እኔም በዚሁ ሰበብ አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር እጅ ገባሁ።

ሽጉጥ ሊያስመርጠኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው ወንበር ሰጠኝና «እስቲ ቀንህን ንገረኝ» አለኝ። የት ትውላለህ፣ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ፣ ስንቴ ትጎነበሳለህ፣ ቤት ስትገባ ማን ያቅፍሃል? የንስሐ አባቴ እንኳ እንዲህ አብጠርጥረው አልጠየቁኝም።

ከዚያ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሽጉጥ አወጣ። ለልምምድ ነው፤ አይተኩስም፣ ጥይትም አይገባበትም፤ መጠኑ ግን ከእውነተኛው ጋር አንድ ነው። «ሽጉጡን ከመግዛትህ በፊት አፎቱን ምረጥ» አለኝ። ለካስ ሰው ሁሉ ስለ ሽጉጡ ያወራል እንጂ ነገሩ ያለው አፎቱ ላይ ነው። ካይዴክስ ከሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ለአንድ ዓይነት ሽጉጥ ብቻ ተለክቶ ይሠራል። ቃታውን ጥርቅም አድርጎ መሸፈን አለበት፤ አለዚያ የሹራብ ገመድ ሊስበው ይችላል፣ የልጅ ጣት ሊስበው ይችላል። ሲሮጡም ሲወድቁም መልቀቅ የለበትም። ከሱ ጋር ደረቅ ያለ ወፍራም ቀበቶ ያስፈልጋል። የእኔ ቀበቶ እንኳን ሽጉጥ፣ ሱሪዬንም የሚይዘው በጭንቅ ነው።

ወደ ቦታው መጣን። መጀመሪያ ቀኝ ዳሌ ላይ፣ ከሱሪ ወደ ውስጥ። ቆሜ ሳየው ግሩም ነበር። መኪና ውስጥ ገብቼ የመኪናውን ቀበቶ ሳስር ግን እጀታው ከቀበቶውና ከወንበሩ መካከል ተቀረቀረ። ቀበቶ ፍታ፣ ወደ ፊት ዘንበል በል፣ ሹራብ ግለጥ፣ ምዘዝ... አሰልጣኙ ሰዓት ይዞ ነበር። ስንት ሰከንድ እንደፈጀብኝ አልነገረኝም፤ አዝኖልኝ መሰለኝ። ከእምብርት ዝቅ ብሎስ? ለተቀመጠ ሰው እጅ ይቀርባል አለኝ፤ እውነትም ይቀርባል። ግን ቦርጬ ቀድሞ ቦታውን ይዞታል፤ ደግሞም ቁጭ ሲሉ አፈሙዙ ወዴት እንደሚመለከት በጨዋ ቋንቋ አልነግራችሁም። ቁርጭምጭሚት ላይ ለተቀመጠ ሹፌር አይከፋም፤ የሚሮጥ ሰው ግን ጫማውን ለማሰር የቆመ ይመስላል። ብብት ሥር ካሉ በሐምሌ ሙቀት ኮት መልበስ ነው።

ቦርሳን አሰልጣኙ ሊሰማው አልፈለገም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ አይዳሆ ውስጥ የሆነውን ነገረኝ። አንዲት እናት ሽጉጧን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ኪስ ባለው ቦርሳ ይዛ ገበያ ገባች። ቦርሳውን የዕቃ ጋሪው ላይ፣ ከልጇ አጠገብ አስቀመጠችው። ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው። ከፈተው። እናቲቱ እዚያው ሞተች። ይህን ሰምቼ የታናሿን ልጄን እጆች አሰብኳቸው፤ የማይከፍቱት ነገር የለም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጨረሻው ትምህርት ነው። አሰልጣኙ ተነሥቶ ከኋላ ወንበር ገባ። ጣቱን ማጅራቴ ላይ ጫነና «በል አሁን ምዘዝ» አለኝ።

ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዳሌዬ ላይ ቢሆን፣ ሆዴ ላይ ቢሆን፣ እግሬ ላይ ቢሆን፣ ለዚያ ጣት ምን ለውጥ አለው? የጓደኛዬ ሌሊት ይኸው ነበረች። ያን ጊዜ ሽጉጥ ቢኖረው ኖሮ ልጆቹ ከመኪናውና ከስልኩ ጋር ሽጉጡንም ይዘው በሄዱ። ይህም በእጁ ሊያወጣው ባይሞክር ነው።

ቤቴ ገብቼ ወረቀት አወጣሁና ቀኔን ራሴው መተርተር ያዝኩ። ሥራዬ? ኡበርም ሊፍትም ሹፌሩንም ተሳፋሪውንም መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ፤ ከተያዝኩ እንጀራዬ ተዘጋ። ዲሲ? የቨርጂኒያ ፈቃድ ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ተራ ወረቀት ነው። ዲሲ የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ያለሱ መያዝ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ሜሪላንድም የቨርጂኒያውን አትቀበልም። አንድ ቀን ሦስቱንም ስንቴ እንደምሻገር የሚያውቀው ጂፒኤሴ ብቻ ነው። ኤርፖርት? ሬገን ተርሚናል ውስጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የልጄ ትምህርት ቤት? ፈቃድ ያለው ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ልጁን ማድረስ ይችላል፤ እጇን ይዞ እስከ በሩ መሸኘት ግን አይችልም። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ጥብስ? ደብቆ የያዘ ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ቢራ መቅመስ የለበትም። (እዚህ ላይ ባለቤቴ «ይኼስ ጥሩ ሕግ ነው» አለች።)

በዚህ ላይ እኔ ዜግነት ገና አልወሰድኩም፣ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ዜጋ ያልሆነ ሰው በሕገ ወጥ መሣሪያ ይዞታ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ለዜጋው ቅጣት የሆነው ነገር ለእኔ የሃያ ዓመት ኑሮ ነው። መታጠፊያ ስቼ፣ ጂፒኤሱ አሳስቶኝ ድልድዩን ብሻገርስ? ስንቴ ተሻግሬያለሁ!

ባለቤቴ ስለ ሕጉ ብዙም አልተጨነቀች። የእሷ ሌላ ነው። «ፖሊስ ያስቆመህ ጊዜስ?» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው ፖሊስ አስቆመው። ፈቃድ ነበረው። መሣሪያ መያዙን በትሕትና ራሱ ተናገረ። ወዲያው እዚያው መንጃ ወንበሩ ላይ እንዳለ ተተኩሶበት ሞተ፤ የፍቅር ጓደኛውና ትንሿ ልጇ መኪናው ውስጥ ነበሩ። ፖሊሱ በዓመቱ በነፃ ተለቀቀ። «አንተ ደግሞ ስትደነግጥ እንግሊዝኛው ይጠፋብሃል» አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

ከወረቀቱ ላይ እየሰረዝኩ እየሰረዝኩ ሄጄ ምን ቀረኝ መሰላችሁ? ማታ መኪናዬን አቁሜ እስከ ቤቴ በር ያለችው መንገድ። መሣሪያው በሕግም የሚፈቀድልኝ፣ ቆሜ ስለምሄድም መምዘዝ የምችልባት እሷ ብቻ ናት። ወርጄ ቆጠርኳት። 43 እርምጃ።

እንዲያም ሆኖ አልቆረጥኩም ነበር። ሰማያዊውን ፕላስቲክ ከነአፎቱ ገዝቼ፣ አሰልጣኙ እንዳዘዘኝ ቤት ውስጥ ብቻ ሁለት ሳምንት ታጠቅሁት። ጎንበስ ስል ይወጋኛል፣ ሶፋ ላይ ስቀመጥ ይገፋኛል። እጄ ሳላውቀው በየደቂቃው ሄዶ ይዳብሰዋል። በሦስተኛው ቀን ታናሿ ልጄ እንደልማዷ ሮጣ መጥታ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች። ቁመቷ ልክ እዚያው ነው። ግንባሯን አጋጨችው። «አባዬ፣ ምንድን ነው የሚቆረቁረኝ?» አለች። ፕላስቲክ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንድታቅፈኝ በግራ በኩል ዞሬ እቀበላታለሁ። እሷም ልጅ ናት፣ ቶሎ ለመደችው፤ ራሷ ወደ ግራ ትዞርልኝ ጀመር። ይቺን ነገር አልወደድኳትም።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ አፎቱን ፈታሁና ሽጉጥ መግዛቱን ተውኩት። በምትኩ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መሥራት አቆምኩ። በወር ወደ 600 ዶላር ያጎድልብኛል። ባለቤቴ ቅዳሜ ተጨማሪ ፈረቃ ያዘች። ርካሽ ውሳኔ አይደለም፤ አንዳንድ ሌሊት ትክክል መሆኔንም እጠራጠራለሁ። ጓደኛዬ ፈሪ ይለኛል። ይበለኝ፤ ማጅራቱ ላይ ብረት የነካው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁ።

ባለፈው እሑድ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ስናወራ የእሱን የት እንደሚይዘው ጠየቅሁት። ክሩስኮቱን ከፈተልኝ። ከሶፍት፣ ከኢንሹራንስ ወረቀትና ከልጁ ከረሜላ መሐል፣ ያለ አፎት፣ ጥይቱ እንደጎረሰ ተጋድሟል። ምንም አላልኩም። ቤት ሄጄ የእኔን አፎት አመጣሁለት። አንድ ላይ ሆነን ልንከተው ሞከርን፤ በጎንም ሞከርን፣ ገፋ አድርገንም ሞከርን። ለሌላ ሽጉጥ የተለካ ነውና አልገባም።

«ተወው በቃ» አለኝና መልሶ ከሶፍቱ መሐል አስገባው።