የግሸን በር

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ላይ የሚፈትነው ዳገቱ ብቻ አይደለም፤ በሩም ነው። በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው አምባ ዙሪያው ገደል ነው፤ መግቢያውም መውጫውም አንድ በር። ነጠላዋን ያጣፋች እናት በትሯን ተመርኩዛ ሽቅብ ስትገፋ፣ ተሳልሞ የሚመለሰው ጠበሉን በጀሪካን አንጠልጥሎ ቁልቁል ይመጣባታል። ለእኔ ጭንቁ ከሕዝቡ ብዛት ይልቅ ገቢና ወጪ ፊት ለፊት መግጠማቸው ነው። በጀርመን አገር፣ ሙኒክ ዋና ባቡር ጣቢያ ሥር እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተው የከተማ ባቡር መቆሚያ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ የባቡሩ በሮች በግራም በቀኝም ይከፈታሉ፤ ወራጁ በአንድ ጎን ይወጣል፣ ተሳፋሪው በሌላው ይገባል።

«ግሸን ባቡር ጣቢያ አይደለም፤ ድካሙ ራሱ በረከት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አቀበቱን በእግር መውጣት ስለት ነው። አቅመ ደካማ በር ላይ መረገጡ ግን ከስለት አይቆጠርም። ሁለተኛ በር ይፈልፈል ማለቴም አይደለም፤ ያ አምባውን ማፍረስ ነው። ቦታው ካልተከፈለ ሰዓቱ ይከፈላል፦ ደወል በተመታ ቁጥር ለግማሽ ሰዓት ገቢ ብቻ፣ ለግማሽ ሰዓት ወጪ ብቻ፤ አዛውንቶችና ነፍሰ ጡሮች በሁለቱም ጊዜ ከፊት።