ማረሻ እንደ ውሃ አይመለስም

ደምቢያ ሲነሳ የከተማ ሰው ትዝ የሚለው ጤፉና ሽምብራው ነው። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ሲወረድ፣ በእርሻውና በጣና ውሃ መካከል የተዘረጋውን ደንገልና ቄጠማ የበዛበት ረግረግ ቆም ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። በአፋችን «ረግረግ» ማለት ከብት የሚሰጥምበት፣ ቢደርቅ የሚሻል መሬት ማለት ሆኗልና።

በዚህ ረግረግ ከሚኖሩት ሁሉ ቀድማ ዓይን የምትስበው፣ በራሷ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ የደፋችው ባለረጅም እግር ጥቁር ወፍ ናት። ለነገሥታት ከተማ ጎረቤት ዘውድ ያምርባታል። ኡጋንዳ የዚህችን ወፍ ግራጫ እህት በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ አኑራታለች፤ የእኛዪቱ ደግሞ ለጥፋት ተጋላጭ ተብላ በዓለም አቀፍ መዝገብ ሰፍራለች። በክረምት፣ ውሃው ሲሞላ፣ ሣርና ቄጠማ ከምራ ጎጆዋን ትሠራለች። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች፤ ወንዱና ሴቷም አንድ ወር ያህል እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ ቶሎ በእግራቸው ቢሄዱም ለመብረር ከሁለት ወር በላይ ይፈጅባቸዋል። እስከዚያው መሸሸጊያቸው ያ «የማይረባ» ሣር ነው። ሣሩ ቀድሞ ከታጨደ ግን መሸሸጊያ የላቸውም።

ይህ የሚሆነው ገበሬው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጣና ከክረምት በኋላ ሲያፈገፍግ ጥሎት የሚሄደው እርጥብ መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል፤ ገበሬው ውሃውን እግር በእግር እየተከተለ ያርሰዋል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ሐይቁ የሚሞላውና የሚጎድለው በዝናብ ብቻ መሆኑ ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ከማነሱም በላይ ውሃው ለመብራት ኃይል በብዛት በመለቀቁ ጣና እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ እስከመስተጓጎል ደረሰ፤ የተራቆተውም ዳርቻ ታረሰ። ውሃ በዓመቱ ይመለሳል፤ ማረሻ ግን እንደ ውሃ አይመለስም። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እምቦጭ መጣ። የደምቢያ ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል አገር አይቶታል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። ምዝገባው መልካም ነው፤ ለጎጆዋ ዘብ የሚቆመው ግን ሣር የሚያጭደው ሰው ነው።

አንድ የደምቢያ ሽማግሌ፣ «አባባ፣ ጫጩቶቿ እስኪበሩ ሣሩን ቢተዉላትስ?» ብላቸው፣

«ልጄ፣ እኔ ብተውላት ጎረቤቴ ያጭደዋል። የሱ በሬ ይጠግባል፣ የኔ ይከሳል፤ ወፏም አትተርፍ!» አሉኝ።

እኚህን ሰው አዳራሽ ሰብስቦ፣ አበል ከፍሎ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ምን ይጨምርላቸዋል? ግንዛቤውስ አላቸው። የጠፋው ስምምነቱ ነው።

ስምምነት ደግሞ ለአማራ ደጋ እንግዳ አይደለም። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቅ ኖሯል። አባቶች ሲዘጉት ለዓመታት ተዘግቶ ይከርማል፤ ሲከፍቱት ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል። ማንም ቀድሞ ስለማይገባ የታገሠው ሰው አይከስርም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢናጋም ሕዝቡ በኋላ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ሣሩ ለጎጆ ክዳን ቀረ፤ ቀይ ቀበሮውም አብሮ ተረፈ። በጣና ደሴቶችም የገዳማቱ ዛፍ እስከ ዛሬ የቆመው ሁሉም እኩል የሚያከብረው ውግዘት ስላለ ነው።

ባለዘውዷ የምትፈልገው ከጓሳ ያነሰ ነው፤ ዓመታት ሳይሆን ጥቂት ወራት። ጎጆ ያለበት ረግረግ በቀበሌው ሽማግሌዎችና በደብሩ ካህናት ቃል እስከ ኅዳር ቢዘጋ፣ ከዚያም ለሁሉም በአንድ ቀን ቢከፈት፣ የሽማግሌው በሬ ከጎረቤታቸው በሬ ቀድሞ አይከሳም። የተማሪ ቤት ክበባት ጎጆውን ቆጥረው ቦታውን ለሽማግሌዎች ቢያመለክቱ የተሻለ ትምህርት ነው።

የሚቀረው ሒሳብ የእኛ የከተሞቹ ነው። ሣሩ እስኪከፈት የበሬው ገለባ ከየት ይመጣል? የደምቢያን ጤፍ የምንበላ፣ የጣናን መብራት የምናበራ ሰዎች ለዚያ ገለባ ካላዋጣን፣ ወፏን የምንወዳት በሽማግሌው በሬ ሆድ ነው።