የትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያና የሶላር ዳስ፦ ዱባይ፣ ሻርጃ፣ አጅማን

የሶላር ዳስ በመኪና ማቆሚያ ላይ በብረት ምሰሶ የሚቆም፣ በሸራ ወይም በቆርቆሮ ፈንታ በሶላር ፓኔል የተሸፈነ መጠለያ ነው። ከሥሩ መኪና ያስጠልላል፣ ከላዩ መብራት ያመነጫል። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፈነው በተወጠረ ሸራ ነው። ሸራው በፀሐይ ይደርቃል፣ በነፋስ ይተረተራል፣ በየጥቂት ዓመቱም ይቀየራል። ስለዚህ ጥያቄው ጥላ ይኑር አይኑር አይደለም። ጥላው የግድ ከሆነ፣ ጥላ የሚሰጠው ነገር የመብራት ሂሳብ ቢቀንስስ የሚል ነው።

ሦስቱ ከተሞች በ25ኛው የሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ተጎራብተው የተዘረጉ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ የአየሩ ሙቀት 45 ዲግሪ ሴልሺየስን ማለፉ ብርቅ አይደለም። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጡ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ጥላ ሥር የዋለ የተማሪ አውቶቡስ ከመነሻው ሙቀቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ልጆቹ ሳይገቡ በፊት በኤሲ ለማቀዝቀዝ የሚፈጀው ጊዜና ነዳጅ ያንሳል። ይህ ጥቅም በመብራት ሂሳብ ላይ አይታይም፤ ወላጆችና ሾፌሮች ግን ቀድመው የሚያስተውሉት እሱን ነው።

ስፋቱን ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ 2.5 ሜትር በ5 ሜትር፣ ማለትም 12.5 ካሬ ሜትር ነው። አሁን ገበያ ላይ በብዛት ያለው 550 ዋት ገደማ የሚሰጥ ፓኔል ወደ 2.6 ካሬ ሜትር ይይዛል። በአንድ መኪና ቦታ ላይ አራት ፓኔል ቢያርፍ 2.2 ኪሎዋት ይሆናል፤ መቶ መኪና የሚያስተናግድ ግቢ ደግሞ 220 ኪሎዋት ይሸከማል። በዚህ አገር ፀሐይ አንድ ኪሎዋት ፓኔል በዓመት 1,600 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል ቢባል፣ ጠቅላላው 352,000 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። የዱባይ የመብራት ታሪፍ በእርከን የሚጨምር ነው፤ በወር እስከ 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 23 ፊልስ (የድርሃም መቶኛ)፣ ከ6,000 በላይ ላለው 38 ፊልስ። ትምህርት ቤት በኤሲ ምክንያት ብዙ ስለሚፈጅ ሶላሩ የሚቀንስለት በአብዛኛው ከላይኛው፣ ከውዱ እርከን ነው። በዚያ ዋጋ ሲሰላ፣ የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያው ሳይቆጠር፣ በዓመት ወደ 134 ሺህ ድርሃም ይሆናል።

ይህ ቁጥር ግን ፓኔሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ሥራው በደንብ ተሠርቶ ሲገኝ የሚመጣ ነው። የበረሃ ፀሐይ ለሶላር ተስማሚ ነው የሚለው ወሬ ግማሹን ብቻ ይናገራል። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። ፋብሪካው የጻፈለት አቅም የተለካው በ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከአንድ በመቶ ሢሶ ያህሉን ያጣል። የበጋ እኩለ ቀን ላይ የፓኔሉ ሙቀት 65 ዲግሪ ቢደርስ ኪሳራው ወደ 14 በመቶ ይጠጋል። እዚህ ላይ ዳሱ ጣሪያ ላይ ከተለጠፈ ፓኔል ይሻላል፤ ከሥሩ አየር እንደ ልብ ስለሚተላለፍ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

አቧራው ከሙቀቱ የባሰ ነው። በባሕሩ ዳርቻ ሌሊት እርጥበት ይወርዳል፣ ቀን የተነሳውን ደቃቅ አሸዋ ከመስተዋቱ ጋር ያጣብቀዋል፣ ጠዋት ሲደርቅ እንደ ቅባት የሚይዝ ሽፋን ይሆናል። ለጥቂት ሳምንታት ሳይታጠብ የቀረ ፓኔል ምርቱ በግልጽ ይወርዳል። እጥበቱ የሚሠራው ጎህ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ ነው፤ በጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል። የዳሱ ዝንባሌ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ ከሆነ አቧራው በራሱ አይንሸራተትም። ደግሞም የእጥበቱ ቀን በትምህርት ቀን ከዋለ ጭቃው የሚያርፈው በመምህራኑ መኪና ላይ ነው፤ ውሉ ሲጻፍ ይህን የሚያስታውስ ሰው ብዙ አይደለም።

ዝናብም ይታሰብ። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024፣ በኤምሬትስ ከ75 ዓመት ወዲህ ከፍተኛ የተባለው ዝናብ ጥሎ የዱባይና የሻርጃ መንገዶች በጎርፍ ተሞሉ፣ ትምህርትም ወደ ኦንላይን ዞረ። በፓኔሎች መካከል ክፍተት ያለው ዳስ ዝናብ ያፈስሳል፤ አሸንዳ ከሌለው ከጥላነት አያልፍም። ኢንቨርተሩና የኤሌክትሪክ ሳጥኑም ከመሬት ከፍ ብለው መሰቀል አለባቸው። ብረቱ የባሕር ጨው እንዳይበላው በዚንክ መነከር ይኖርበታል። ቁመቱ የሚለካው በቤት መኪና ሳይሆን በአውቶቡስና በእሳት አደጋ መኪና ነው።

ከቴክኒኩ ሁሉ ይልቅ የትምህርት ቤትን ሶላር ልዩ የሚያደርገው የቀን መቁጠሪያው ነው። በትምህርት ቀን ነገሩ የተመቸ ነው፦ ፀሐዩ የሚበረታው ክፍሎቹ ሞልተው ኤሲው በሙሉ ኃይል በሚሠራበት ሰዓት ነው፤ ተማሪው ከሰዓት ሲለቀቅ ምርቱም መውረድ ይጀምራል። ችግሩ ትምህርት በሌለበት ቀን ነው። ፓኔሉ ብዙ የሚያመርትበት ረጅሙ የበጋ ቀን ትምህርት ቤቱ ከተዘጋበት የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍት ጋር ይጋጠማል። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ የፌዴራሉና የዱባይ የሥራ ሳምንት አራት ቀን ተኩል ሲሆን ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ናቸው። ሻርጃ ግን ዓርብን ጨምራ ሦስት ቀን ታርፋለች፤ ትምህርት ቤቶቿም በሳምንት አራት ቀን ነው የሚያስተምሩት። ከሰባት ቀን ሦስቱ ማለት፣ በትምህርት ወራት እንኳ ከሳምንቱ ምርት 43 በመቶው ባዶ ግቢ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ተመሳሳይ ዳስ ከመንገዱ ማዶ ዱባይ ላይ ቢተከል ይህ ድርሻ 29 በመቶ ገደማ ነው።

ይህን ትርፍ ምርት የሚያድነው የተጣራ ቆጠራ የሚባለው አሠራር ነው። የዱባይ የመብራትና ውሃ ባለሥልጣን፣ ሕዝቡ ዴዋ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤት ቁጥር 46 ውሳኔ መሠረት ሻምስ ዱባይ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ቆጣሪው በሁለት አቅጣጫ ይቆጥራል፤ ግቢው ያልተጠቀመበት ኃይል ወደ መስመሩ ይገባና ለሚቀጥለው ሂሳብ ይያዛል። በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። በሐምሌ የተጠራቀመው በመስከረም ኤሲው ሲከፈት ይቀነሳል። ለአንድ ይዞታ የሚፈቀደው ጣሪያ 2,080 ኪሎዋት ስለሆነ መቶም ሁለት መቶም መኪና የሚይዝ ትምህርት ቤት ከገደቡ በታች ነው። ሥራውን መሥራት የሚችለው ዴዋ የመዘገበው ተቋራጭ ብቻ ነው፤ የተቃውሞ አለመኖር ደብዳቤ፣ የንድፍ ማጽደቅ፣ ምርመራ፣ ከዚያ የቆጣሪ ቅያሬ በተራ ይሄዳሉ።

አጅማንና ሻርጃ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ግን የዱባይን ደንብ ለራሱ ሊወስድ አይችልም። የሻርጃ መብራት ሴዋ በሚባለው በራሷ ባለሥልጣን፣ የአጅማን በፌዴራሉ ኢትሃድ ውሃና ኤሌክትሪክ ሥር ነው። በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 17 በየሕንፃው የሚመረት ታዳሽ ኃይል ከመስመር ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ለአገሩ ሁሉ ደንግጓል፤ ዝርዝሩ ግን የየአቅራቢው ነው። ትርፉ ለሂሳብ መያዙ በጽሑፍ እስካልተረጋገጠ ድረስ የዳሱ መጠን መቀመር ያለበት በትምህርት ቀን ፍጆታ ሳይሆን ግቢው በዕረፍት ቀን በሚፈጀው አነስተኛ ኃይል ነው። ሳይለኩ ግቢውን ሁሉ መሸፈን የሻርጃን ሦስት የዕረፍት ቀን መርሳት ነው።

ወጪው ላይ ዋናው ነገር ፓኔሉ አይደለም፤ ብረቱና መሠረቱ ነው። ፓኔል ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ረክሷል፣ ብረትና ኮንክሪት ግን አልረከሱም። ስለዚህ በኪሎዋት ሲሰላ ዳስ ከጣሪያ ሶላር ይወደዳል። ጣሪያው ባዶ ሆኖ ሳለ ከመኪና ማቆሚያው የሚጀምር ትምህርት ቤት ገንዘቡን ለፎቶ እያወጣ ነው። ጣሪያው በኤሲ ማሽንና በውሃ ታንከር ሲሞላ፣ ወይም የሸራው ጥላ መቀየሪያው ሲደርስ፣ ያኔ ዳሱ ተራው ነው። የሸራው መቀየሪያ ዋጋ ከዳሱ ዋጋ ላይ ተቀንሶ ካልታሰበም ስሌቱ ዳሱን ይበድላል።

ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት በኪራይ ውል ይሠራል። ዱባይ ላይ የተቋቋሙት የሎው ዶር ኢነርጂና ሲራጅ ፓወር በዚህ መንገድ ይሠራሉ፦ ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ይተክላል፣ ያጥባል፣ ይጠግናል፤ ትምህርት ቤቱ ለረጅም ዓመታት ይከፍላል። ወጥመዱ መሬቱ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ግቢውን የያዙት በኪራይ ነው፤ የግቢው ኪራይ ስምንት ዓመት ቀርቶት የሶላሩ ሃያ ዓመት ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የሌላ ሰው መሬት ላይ ዕዳ ተከለ ማለት ነው። የመሬቱ ባለቤት ፊርማ ከምንም በፊት መገኘት አለበት። ፓኔሉ የ25 ዓመት ዋስትና ቢኖረውም ኢንቨርተሩ በመካከል አንድ ጊዜ መቀየሩ አይቀርም፤ ያ ወጪ የማን እንደሆነም ውሉ ይናገር።

ተከላው የሚመቸው ግቢው ባዶ በሆነበት በበጋው ዕረፍት ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በየዓመቱ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ከቤት ውጭ ፀሐይ ላይ መሥራት የተከለከለበት ወቅት ነው። የመሠረት ቁፋሮውና የብረት ተከላው በንጋትና በምሽት ይከፈላል። ይህን ሳይቆጥር በስድስት ሳምንት እጨርሳለሁ የሚል ተቋራጭ ወይ ሕጉን ወይ ቀጠሮውን ይጥሳል።

የተሠራውን ማየት ለሚፈልግ ዱባይ ላይ ሰስቴነብል ሲቲ አለ። በዳይመንድ ዴቨሎፐርስ የተገነባው ይህ 46 ሄክታር ሰፈር መኪናን ከቤቶቹ አርቆ በሶላር በተሸፈኑ ማቆሚያዎች ሥር ያሳድራል፤ ፌርግሪን የተባለው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤትም እዚያው ነው። ሻርጃም ከዚሁ ገንቢ ጋር የራሷን ተመሳሳይ ሰፈር ገንብታለች። በኤምሬትስ ይህ በባለቤቱ ፈቃድ የሚሠራ ሲሆን፣ ፈረንሳይ በ2023 ባወጣችው ሕግ ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ የመኪና ማቆሚያዎች ግማሻቸው በሶላር እንዲሸፈን አስገድዳለች።

ሐሳቡን ወደ አዲስ አበባ ይዞ ለመመለስ የሚያስብ ካለ ሁለት ልዩነት ይወቅ። አንደኛ፣ እዚያ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፓኔሉ በሙቀት የሚያጣው ትንሽ ነው፣ ጥላውም ያን ያህል አንገብጋቢ አይደለም፤ ፓኔሉን ለመትከል የሕንፃው የቆርቆሮ ጣሪያ ይበቃል። ዳሱ የሚያዋጣው ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከከለከለች ወዲህ እየበዙ ያሉትን የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግቢ ውስጥ ቻርጅ ለማድረግ ሲታሰብ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፦ የዱባዩ ዓይነት ባትሪ የሌለው ሲስተም መስመሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ኢንቨርተሩ የመስመር ሠራተኛ እንዳይጎዳ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ባትሪ ሳይጨምር የተገዛ ሶላር፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እየበራም ክፍሉን ያለ ኃይል ያስቀረዋል።