የሚንተባተብ ልጅ ቃሉን ይጨርስ

በሰቆጣ በቤታችን፥ ማታ ማታ እሳት ከበው ለሚቀመጡት ሕፃናት ተረት የምንነግር እኛ ነን። ከነርሱም አንዱ፥ የ6 ዓመቱ የወንድማችን ልጅ፥ ሲናገር ይንተባተባል። ልጆቹ ይሥቁበት ነበር፤ እኛ ታላላቆቹም የረዳነው መስሎን ቃሉን ከአፉ እየነጠቅን እንጨርስለት ነበር። በመጨረሻ ዝም ማለትን መረጠ። እናታችን ድንጋጤ ነው አሉ፤ ጎረቤት ደግሞ አማርኛና ኽምጣና ስለ ተደባለቁበት ነው አለ።

መርምረን እንደ ተረዳነው ግን፥ መንተባተብ ከድንጋጤም ኾነ ኹለት ቋንቋ ከመናገር የሚመጣ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ውስጥ ይዠምራል፤ በቤተ ዘመድም ይወራረሳል። ከ100 ልጆች 5 ያህሉን ያገኛቸዋል፤ የሚበዙትንም እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። የአእምሮ ማነስም አይደለም። ነቢዩ ሙሴ መናገር ይከብደው እንደ ነበረ በኦሪት ተጽፏል፤ የእንግሊዝ ንጉሥ 6ኛው ጊዮርጊስም ገና ሳይነግሡ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም.፥ ሊዮኔል ሎግ ከሚባል የአውስትራልያ ሰው ዘንድ ንግግራቸውን ለማቅናት መማር ዠምረው ነበር።

ይህን ኹሉ ለሕፃናት ብንዘረዝር ስለሚሰለቹ፥ አንድ ማታ «ተረት ተረት» አልናቸው፤ እነርሱም «የላም በረት» ብለው መለሱ። በፍየሎች በረት አጠገብ የምትኖር ኤሊ፥ ጅብ ሲመጣ አይታ «ጅ... ጅ...» ስትል፥ ፍየሎቹ እየሣቁ አንዱ «ጅራፍ?» ሌላው «ጅራት?» እያሉ ቃሏን ሲሻሙባት ጅቡ ደረሰ። ዝም ብላ የጠበቀች አንዲት ግልገል ብቻ ቃሉን ሰምታ ሸሸች፥ ዳነችም። «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «የፍየሎቹ!» አሉ።

መልሳቸው እኛንም ወጋን። በፍርድ ቤት ቃል ስንቀበል፥ አንድ የሚንተባተብ ምስክር «አላ... አላ...» ቢል፥ መሽቶብን ነበረና «አላየሁም» ብለን ጻፍን። ሲነበብለት ራሱን ነቀነቀ፤ ሊል የፈለገው «አላፊ አግዳሚው ኹሉ አይቷል» ነበር። ጽሑፉ ተቃና፤ ባይነበብለት ኖሮ ግን በኛ ጥድፊያ የሰው መብት በጠፋ ነበር።

አኹን ያን ተረት የሚነግረው የወንድማችን ልጅ ራሱ ነው። «ጅ» ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከልጆቹም አንድ ስንኳ አፉን የሚከፍት የለም።

ስለዚህ፥ የቤተ ሰብ አለቆች ሆይ፥ በቤትዎ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር «ቀስ በል» አይበሉት፤ ፊቱን እያዩ ይጠብቁት። ቢቈይበትም ለባለ ሙያ ያሳዩት።